ፈረንሳይኛን የት ተምሮ መሄድ ይሻላል? ወደ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ አፍሪካ ለሚላክ ሚስዮናዊ ቤተሰብ የአማራጮች ንጽጽር

ወደ ቻድ፣ ኒጀር፣ ቤኒን ወይም ካሜሩን የተመደበ ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ከላኪዋ ቤተ ክርስቲያን ጋር ስለ ድጋፉ ከተስማማ በኋላ ቀጥሎ የሚጠብቀው ከባድ ውሳኔ የቋንቋው ነው። መንገዶቹ አራት ናቸው፦ አዲስ አበባ ተምሮ መሄድ፣ ፈረንሳይ ገብቶ መማር፣ ሎሜ (ቶጎ) ወይም ኮቶኑ (ቤኒን) ላይ ጥቂት ወራት መቆየት፣ አለዚያም በቀጥታ ምድብ ቦታ ገብቶ እዚያው መጀመር።

ሐሳባችንን አስቀድመን እንናገር። ለአብዛኛው ቤተሰብ የሚበጀው መሠረቱን አዲስ አበባ ላይ ጥሎ፣ ንግግሩን ሎሜ ወይም ኮቶኑ ላይ አጠንክሮ መሄድ ነው። ፈረንሳይ የሚያዋጣው ሥራቸው ጥልቅ ፈረንሳይኛ ለሚጠይቅ ጥቂቶች ነው። በቀጥታ ምድብ ቦታ መግባት ደግሞ ርካሽ ይመስላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ከሁሉም የሚረዝመው እሱ ነው። ከዚህ በታች በአብዛኛው ቻድን እንደ ምሳሌ እንወስዳለን።

ምን ያህል ፈረንሳይኛ ያስፈልጋል?

የት እንደምትማሩ ከመወሰናችሁ በፊት የት መድረስ እንደምትፈልጉ ቁረጡ። በአውሮፓው የቋንቋ ችሎታ መመዘኛ ከዜሮ ተነስቶ ኤ1 የተባለው የመጀመሪያ ደረጃ ለመድረስ ከ60 እስከ 100 የክፍል ሰዓት፣ ኤ2 ለመድረስ ከ160 እስከ 200፣ ቢ1 ለመድረስ ከ360 እስከ 400፣ ቢ2 ለመድረስ ደግሞ ከ560 እስከ 650 ሰዓት ገደማ ይወስዳል ተብሎ ይታሰባል። ቁጥሩ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያለው ድምር ነው። የቤት ሥራና የግል ጥናት አልተቆጠረም፤ እሱ ቢያንስ የክፍሉን ያህል ሰዓት ይፈልጋል።

በሳምንት 6 ሰዓት የማታ ትምህርት የሚወስድ ሰው 400 ሰዓት ለመሙላት 67 ሳምንት ያስፈልገዋል። የበዓልና የዕረፍት ሳምንታት ሲጨመሩ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ማለት ነው። በሳምንት 20 ሰዓት የሚማር ሰው ይህንኑ በ20 ሳምንት ይጨርሳል። «በስድስት ወር የማታ ትምህርት ፈረንሳይኛ ይዘን እንሄዳለን» የሚል ዕቅድ ብዙ ጊዜ የሚከሽፈው ይህ ስሌት ስላልተሠራ ነው፤ በስድስት ወር ከ150 ሰዓት ብዙም አይታለፍም፤ ያ ደግሞ ለኤ2 እንኳ አይሞላም።

ኤ2 ያለው ሰው ይገበያል፣ ሰላምታ ይለዋወጣል፣ ታክሲ ይሳፈራል። የቤት ኪራይ ውል ሲፈርም፣ ፖሊስ ኬላ ላይ ሲያስቆመው ወይም የልጁን ሕመም ለሐኪም ሲያስረዳ ግን ይጨንቀዋል። ለዚህ ቢ1 ያስፈልጋል። በመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት የሚያስተምር፣ በክሊኒክ ሪፖርት የሚጽፍ፣ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ጋር ፕሮጀክት የሚዋዋል ሰው ቢ2 ይፈልጋል። ስብከትም እንዲሁ፤ በተለይ ያለ ተጻፈ ወረቀት የሚሰብክ ከሆነ።

የብዙ ቤተሰቦች ዕቅድ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፦ ባል ቢ2 እንዲደርስ በጀት ይያዝለታል፣ ሚስት «በኋላ ትማራለች» ትባላለች። ከትምህርት ቤት፣ ከክሊኒክ፣ ከጎረቤትና ከቤት አከራይ ጋር በየቀኑ የሚነጋገረው ግን ብዙውን ጊዜ እሷ ነች። ስለዚህ ሁለቱም ቢ1 ሳይደርሱ አንዱን ወደ ቢ2 ማሻገር ቅደም ተከተሉን ማዛባት ነው። ለሕፃናት ሞግዚት የሚከፈለው ገንዘብ በቋንቋው በጀት ውስጥ ከክፍያው እኩል ይጻፍ፤ ካልተጻፈ ከክፍል የምትቀረው እናት ነች።

አዲስ አበባ

አሊያንስ ኢትዮ-ፍራንሴዝ በአዲስ አበባ ከ1907 ጀምሮ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) ያለ የፈረንሳይኛ ማስተማሪያ ተቋም ነው፤ ድሬዳዋም ላይ አሊያንስ አለ። ቪዛ የለም፣ ልጆች ከትምህርታቸው አይፈናቀሉም፣ ደመወዝ አይቋረጥም፣ ክፍያው በብር ነው። የመጨረሻው ቀላል ነገር አይደለም፤ ለውጭ ትምህርት ቤት ዩሮ ማግኘትና መላክ ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

ድክመቱ ግልጽ ነው፦ ከክፍል ስትወጡ ሁሉም ነገር አማርኛ ነው። ሰዋስው ይገባል፣ ንባብ ይገባል፣ ጆሮና አፍ ግን ወደ ኋላ ይቀራሉ። መድኃኒቱ እዚያው ከተማ ውስጥ አለ። አዲስ አበባ የአፍሪካ ኅብረት መቀመጫ በመሆኗ ከኮንጎ፣ ከቡሩንዲ፣ ከካሜሩን፣ ከሴኔጋል የመጡ ብዙ ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች ይኖሩባታል። ከእነሱ መካከል በሳምንት ሁለት ጊዜ ለአንድ ሰዓት የሚያነጋግራችሁ ሰው ፈልጉ። ክፍያ ይኑረው፤ በነጻ የተጀመረ ልምምድ ከአንድ ወር በኋላ ይቀዘቅዛል፣ ወይም ወደ እንግሊዝኛ ይንሸራተታል።

አማርኛ ተናጋሪ ተማሪ ፈረንሳይኛ ላይ የሚያገኘው ቅለትም የሚገጥመው ክብደትም የራሱ ነው። የ«ዠ» እና የ«ኘ» ድምፆች አሉን፤ «ለ»፣ «ደ»፣ «መ» ብለን የምንጠራው ግዕዙ አናባቢ ለፈረንሳይኛው አጭር አናባቢ በጣም ቅርብ ነው። «አንተ» እና «እርስዎ» ለይቶ ያደገ ሰው የአክብሮቱን አነጋገር ለመልመድ አይቸገርም። እንግሊዝኛ በደንብ የሚያውቅ ደግሞ ብዙ የጽሑፍ ቃላት ሳይማራቸው ይገቡታል።

ክብደቱ በአራት ቦታ ነው። አንደኛ፣ ከንፈርን እንደ «ኡ» አሞጥሙጦ ምላስን እንደ «ኢ» ወደ ፊት በመግፋት የሚወጣው አናባቢ አማርኛ ውስጥ የለም። በ«ኡ» ከተካችሁት «ከላይ» የሚለው ቃል «ከታች» ይሆናል፤ ሁለቱን የሚለየው ይኸው አናባቢ ብቻ ነውና። ዕቃ የሚያስጭን ወይም መድኃኒት የት እንደተቀመጠ የሚጠይቅ ሰው ልዩነቱን ቶሎ ይረዳዋል። ሁለተኛ፣ በአፍንጫ የሚወጡት አናባቢዎች። እኛ መጨረሻ ላይ «ን» እንጨምርባቸዋለን፤ ትክክለኛው ግን ምላስ ድዱን ሳይነካ አየሩ በአፍንጫ ሲያልፍ ነው። አፍንጫን በጣት ይዞ መሞከር ጥሩ መፈተኛ ነው፤ ድምፁ ከታፈነ መንገዱ ትክክል ነው። ሦስተኛ፣ ፊደላችን የተጻፈውን ሁሉ ስለሚያስነብበን የማይነበቡትን የፈረንሳይኛ መጨረሻ ፊደላት እንጠራቸዋለን። «ይናገራሉ» የሚለው ግስ በፈረንሳይኛ ሲጻፍ መጨረሻው ላይ ሦስት ፊደል ይጨመርበታል፤ ሲነገር ግን «ፓርል» ብቻ ነው። አራተኛ፣ የስም ጾታ። አማርኛም ጾታ አለው፤ ሆኖም ዕቃን እንደ ስሜታችን «እሱ» ወይም «እሷ» እንላለን። ፈረንሳይኛ ይህን ነጻነት አይሰጥም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ማንኛውንም ስም ከነመስተአምሩ፣ ማለትም ከፊቱ ከሚመጣው ጾታ አመልካች ቃል ጋር፣ አጥኑ፤ ስሙን ብቻ ያጠና ሰው ከስድስት ወር በኋላ ሺህ ቃል እንደገና ያጠናል።

ደብተር ላይ የፈረንሳይኛን አነባበብ በፊደል የመጻፍ ልማድ ይቅር። «ቦን» ብላችሁ የጻፋችሁትን ቃል ለዘላለም በሙሉ «ን» ታነቡታላችሁ። ከመጻፍ ይልቅ አስተማሪው ሲናገር በስልክ ቅዱና እየደገማችሁ ስሙ።

አዲስ አበባ እስከ ኤ2 ድረስ ከሌሎቹ ሁሉ ይሻላል፣ እስከ ቢ1 ይሠራል፣ ከዚያ በላይ ግን የሚወስደው ጊዜ ከሚሰጠው ጥቅም ይበዛል።

ፈረንሳይ

ለሚስዮናውያን ፈረንሳይኛ በማስተማር የሚታወቁ ሁለት ቦታዎች አሉ፦ በሳቮዋ ተራሮች ሥር ያለችው አልበርቪል፣ እና ከፓሪስ በስተ ደቡብ ያለችው ማሲ። የእነዚህ ትልቁ ጥቅም አስተማሪዎቹ የተማሪዎቻቸውን ሥራ ማወቃቸው ነው፤ ጸሎት፣ ምስክርነት፣ አጭር ስብከት የትምህርቱ ክፍል ይሆናሉ። ተራ የቋንቋ ትምህርት ቤት ስለ ባቡር ትኬትና ስለ ምግብ ቤት እንጂ ስለ ጥምቀት አያስተምራችሁም። ሌት ተቀን ፈረንሳይኛ መስማትም የራሱ ዋጋ አለው፤ በትጋት የተማረ ሰው ከዘጠኝ እስከ አሥር ወር ባለው ጊዜ ቢ2 መድረስ ይችላል።

ልጆች በመንግሥት ትምህርት ቤት በነጻ ይማራሉ፤ ከ3 እስከ 16 ዓመት ትምህርት ግዴታ ነው፣ ቋንቋውን ለማያውቁ አዲስ ተማሪዎችም ልዩ ክፍል በብዙ ቦታ አለ። ልጆቹን ቤት ውስጥ ላስተምር የሚል ቤተሰብ ግን ይጠንቀቅ፦ ከ2022 መስከረም ጀምሮ ለዚህ አስቀድሞ ፈቃድ ያስፈልጋል። በመንግሥት ትምህርት ቤት ጎላ ብሎ የሚታይ የሃይማኖት ምልክት መልበስም ከ2004 ጀምሮ ክልክል ነው፤ ትልቅ መስቀል አንገቱ ላይ ለሚያደርግ ልጅ ይህን አስቀድሞ ማስረዳት ይገባል።

ችግሩ ወረቀቱና ገንዘቡ ነው። የተማሪ ቪዛ ለአንድ ሰው ነው፣ የትዳር ጓደኛን አብሮ አያስገባም። መደበኛው የቤተሰብ ማገናኛ መንገድ ደግሞ 18 ወር የመኖሪያ ጊዜ ስለሚጠይቅ ለአንድ ዓመት ትምህርት አይጠቅምም። ስለዚህ ባልና ሚስት ሁለቱም ተመዝግበው እያንዳንዳቸው የተማሪ ቪዛ ቢጠይቁ ይሻላል። ለአንድ ተማሪ በወር 615 ዩሮ መተዳደሪያ ማሳየት ሲጠየቅ ቆይቷል፤ ለሁለት 1,230 ይሆናል፣ ለዘጠኝ ወር 11,070። የትምህርት ክፍያው፣ የልጆቹ ወጪና የአውሮፕላኑ ትኬት ከዚህ ውጭ ናቸው። ከገቡ በኋላ ቪዛውን በሦስት ወር ውስጥ በኢንተርኔት ማረጋገጥ ግዴታ ነው፤ ይህን የረሳ ሰው ያለ ሕጋዊ መኖሪያ ይቀራል። ተማሪ በዓመት 964 ሰዓት መሥራት ይፈቀድለታል፤ ዕቅዳችሁ በዚህ ገቢ ላይ ከቆመ ግን ትምህርቱን ሥራው ይበላዋል።

ሌላው የማይቆጠር ወጪ ልጆቹ ሁለት ጊዜ መነቀላቸው ነው። አንድ ዓመት ፈረንሳይ ተምሮ ጓደኛ ያፈራ የአሥር ዓመት ልጅ እንደገና በቻድ ዋና ከተማ በኤንጃሜና ከዜሮ ይጀምራል።

በውጭ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ስሌቱ ይለያያል። የአሜሪካ ፓስፖርት ያለው ሰው ፈረንሳይ ያለ ቪዛ የሚቆየው 90 ቀን ብቻ ስለሆነ ለቢ1 አይበቃውም፤ ካናዳ ግን እስከ ስድስት ወር ለሚደርስ ትምህርት የተማሪ ፈቃድ አትጠይቅም፣ ኬቤክ ከተማ ያለው የላቫል ዩኒቨርሲቲም የቋንቋ ትምህርት ቤት አለው። የኬቤክ አነጋገር ለጆሮ የተለየ ቢሆንም ሰዋስውና ጽሑፉ ያው ነው። በጀርመን ወይም በስዊድን የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ኢትዮጵያዊ ደግሞ ፈረንሳይ ከ90 ቀን በላይ ለመቆየት የፈረንሳይ ረጅም ቪዛ እንደሚያስፈልገው አይርሳ።

ሎሜና ኮቶኑ

ይህ አማራጭ ከሚገባው በታች ይታሰባል። ሎሜ የአስካይ አየር መንገድ መቀመጫ ስትሆን የኢትዮጵያ አየር መንገድም በቀጥታ ይበርላታል። በሎሜ ዩኒቨርሲቲ ሥር «ቪላዥ ዱ ቤኒን» የሚባል ፈረንሳይኛን ለውጭ ሰዎች የሚያስተምር ማዕከል አለ፤ ስሙ ቤኒን ቢልም ያለው ቶጎ ነው። በቤኒን በኩል በአቦሜ-ካላቪ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሴቤላኤ የተባለው የቋንቋ ማዕከል አለ። ቤኒን የአፍሪካ አገሮች ዜጎችን ያለ ቪዛ ታስገባለች፤ ከ90 ቀን በላይ ለመቆየት ግን የመኖሪያ ወረቀት መከታተል ያስፈልጋል።

በሁለቱም ከተሞች ፈረንሳይኛው የምትሰሙት በምትሄዱበት አገር ዓይነት ዜማና ፍጥነት ነው። ገበያው የአካባቢው ገንዘብ በሆነው በሴፋ ፍራንክ ስለሆነ ቁጥር መስማት ትለማመዳላችሁ፤ «አሥራ ሁለት ሺህ አምስት መቶ» በፈረንሳይኛ ፈጥኖ ሲነገር መያዝ ከሁሉም ዘግይቶ የሚመጣ ችሎታ ነው። ሰባ ማለት «ስልሳ አሥር»፣ ዘጠና ማለት «አራት ሃያ አሥር» መሆኑ ያስቸግራል፤ ወደ ኮንጎ ኪንሻሳ፣ ሩዋንዳ ወይም ቡሩንዲ የሚሄድ ሰው ግን «ሴፕታንት» እና «ኖናንት» የሚሉትን ቀላል ቁጥሮች ይልመድ።

የእሑድ አምልኮ ደግሞ ከክፍል ያልተናነሰ ትምህርት ቤት ነው። ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ስብከቱን ከፈረንሳይኛ ወደ ኤዌ ወይም ፎን ያስተረጉማሉ። ተርጓሚው ሲናገር እናንተ ያለፈውን ዓረፍተ ነገር ለማሰላሰል ጊዜ ታገኛላችሁ፤ ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ የማዳመጥ ልምምድ የለም።

የሚበላሸው የት ነው? በእነዚህ ማዕከላት ከናይጄሪያና ከጋና የሚመጡ ተማሪዎች ብዙ ናቸው፣ በዕረፍት ሰዓት ግቢው እንግሊዝኛ ይሆናል። ስለዚህ መኖሪያችሁን ከተማሪዎች ርቃችሁ ፈረንሳይኛ ከሚናገር ቤተሰብ ጋር በአንድ ግቢ ውስጥ ተከራዩ። አከራዮች የብዙ ወር ቅድሚያ ክፍያ የመጠየቅ ልማድ ስላላቸው ለአራት ወር ቆይታ ዕቃ የተሟላለት ክፍል ይሻላል። ወባ ዓመቱን ሙሉ አለ፤ ከአዲስ አበባ ከፍታ የወረዱ ልጆች መከላከያ የላቸውምና አጎበርና የሐኪም ምክር አስቀድሞ ይያዝ። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ያለ ምንም ሰበብ ያስፈልጋል።

አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር፦ የሎሜው ሴፋ ኤንጃሜና ላይ አይሠራም። የምዕራቡና የመካከለኛው አፍሪካ ፍራንኮች ዋጋቸው እኩል ነው፣ ሁለቱም 1 ዩሮ በ655.957 ይመነዘራል፤ የገንዘብ ኖቶቹ ግን የተለያዩ ናቸው። የተረፋችሁን ከመውጣታችሁ በፊት ወደ ዩሮ ለውጡ።

በቀጥታ ምድብ ቦታ

ቻድ በወረቀት ፈረንሳይኛና ዓረብኛ የሥራ ቋንቋዋ ነው፤ የኤንጃሜና ገበያ ግን የቻድ ዓረብኛ ይናገራል። ዋጋ ሲጠራ «ሪያል» ይባላል፣ አንድ ሪያል 5 ፍራንክ ነው፤ ስለዚህ ፈረንሳይኛ የተማረ ሰው እንኳ ገበያ ላይ በአምስት ማባዛት አለበት። ፈረንሳይኛ የሚያስፈልገው ለቢሮ፣ ለትምህርት ቤት፣ ለሆስፒታልና ለተማሩ የቤተ ክርስቲያን መሪዎች ነው። መንገድ ላይ የማይሰማን ቋንቋ መንገድ ላይ መልመድ አይቻልም።

አማርኛ ተናጋሪ ደግሞ ሌላ ፈተና አለበት። ዓረብኛ በሥርወ ቃሉም በድምፁም ስለሚቀርበው በሦስት ወር ውስጥ አፉ ይፈታል፣ ደስ ይለዋል፣ ፈረንሳይኛውን ይተዋል። በዓመቱ መጨረሻ የመኖሪያ ፈቃዱን ለማሳደስ አስተርጓሚ ይዞ ይሄዳል። ሁለቱን ቋንቋ በአንድ ጊዜ አትጀምሩ፤ ፈረንሳይኛ ቢ1 ሳይደርስ የአገሩ ቋንቋ በሰላምታ ይወሰን።

ከዚህም ሌላ ምድብ ቦታ የገባን ሰው ለትምህርት የሚተወው የለም። ስብሰባ ይጠራል፣ እንግዳ ይመጣል፣ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፣ ክፍሉ ይቀራል። ይህ አማራጭ የሚሠራው ከባልና ከሚስት አንዱ አስቀድሞ ቢ1 ሲኖረው ነው፤ ያኔ ወረቀቱን እሱ ወይም እሷ ይጨርሳሉ፣ ሌላው ይማራል።

ወደ ማሊ፣ ቡርኪና ፋሶ ወይም ኒጀር ለሚሄዱ አንድ ማስተካከያ አለ። ማሊ በ2023 ሕገ መንግሥቷ ፈረንሳይኛን ከይፋዊ ብሔራዊ ቋንቋነት ወደ ሥራ መገልገያ ቋንቋነት ብቻ ዝቅ አድርጋለች፤ ቡርኪና ፋሶና ኒጀርም ተከትለዋል። ቢሮው አሁንም በፈረንሳይኛ ይጽፋል፤ ስለዚህ ቢ1 አይቀርም። ቢ2 ላይ የሚጠፋውን ከሁለት መቶ እስከ ሁለት መቶ ሃምሳ ሰዓት ያህል ግን ለባምባራ ወይም ለሐውሳ ማዋል ይበልጣል።

ጂቡቲስ? በባቡር የሚደረስባት ቅርብ አገር ስለሆነች ብዙዎች ይጠይቃሉ። ትምህርት ቤቱና ቢሮው ፈረንሳይኛ ቢሆንም ቤቱና መንገዱ ሶማሊኛና አፋርኛ ነው፣ አማርኛም አይጠፋም። ለቋንቋ ብቻ ተብሎ አይኬድባትም።

መለኪያው

ላኪዋ ቤተ ክርስቲያን «ደህና ይናገራል» በሚል ምስክርነት አትላክ። ደልፍ የተባለው ፈተና ማዳመጥን፣ ማንበብን፣ መጻፍንና መናገርን ከ25 ከ25 ይለካል፤ ከ100 ሃምሳ ያመጣና ከየትኛውም ክፍል ከ5 በታች ያላገኘ ያልፋል። የምስክር ወረቀቱ ጊዜ አያልፍበትም፤ ቴሴኤፍ የተባለው ሌላው ፈተና ግን ለሁለት ዓመት ብቻ ያገለግላል። እኛ ጋ ተማሪው ንባብና ሰዋስው ላይ ከፍ ብሎ ማዳመጥ ላይ ይወርዳል፤ ጠቅላላው 60 ሆኖ ማዳመጡ 8 ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የመሄጃ መስፈርታችሁ ደልፍ ቢ1፣ ከዚያም ውስጥ በማዳመጥና በመናገር ቢያንስ 15 ከ25 ይሁን። በየቀኑ አሥር ደቂቃ ኤርኤፍኢ የተባለውን የፈረንሳይ ዓለም አቀፍ ሬዲዮ «በቀላል ፈረንሳይኛ» የሚቀርብ ዜና መስማት ይህን ጉድለት ከየትኛውም የስልክ መተግበሪያ በበለጠ ይሞላል።

ለሚሰብክ ሰው አንድ ተጨማሪ ነገር። በፈረንሳይኛ ተናጋሪ አፍሪካ በብዙ አብያተ ክርስቲያናት እጅ ያለው የ1910 የሉዊ ሰጎን የመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም ነው። ትረካው በጽሑፍ ብቻ በሚኖር ኃላፊ ጊዜ የተጻፈ ስለሆነ «መጣ»፣ «አደረገ»፣ «ሆነ» የሚሉት ግሶች ክፍል ውስጥ በተማራችሁት መልክ አይገኙም። ሃያ ያህሉን ተዘውታሪ ግሶች በዚህ መልክ በቃል ያዙ፤ ማርቆስን ለማንበብ ይበቃሉ። እስከዚያው ድረስ በ2000 በቀላል ቃላት የወጣው «ፓሮል ደ ቪ» የተባለው ትርጉም ለቤተሰብ ጸሎት ይሆናል። በጸሎት እግዚአብሔርን የሚጠሩት በ«አንተ» ነው፤ ሽማግሌውን በ«እርስዎ»።

ልጆቹ

ስድስት ዓመት የሞላው ልጅ በመጀመሪያው ክፍል ማንበብን ከሌሎቹ ጋር እኩል ስለሚጀምር ከሁሉ ይቀለዋል። ከአሥር ዓመት በላይ የሆነው ግን ኤ2 ሳይዝ ባይገባ ይሻላል፤ ታሪክም ሳይንስም በፈረንሳይኛ ነውና። የክፍል አቆጣጠሩ ወደ ታች ነው፦ ከአምስተኛ ክፍል በኋላ «ስድስተኛ» ይባላል፣ ቀጥሎ «አምስተኛ»፣ እያለ ይወርዳል። የሰባተኛ ክፍል ተማሪያችሁን «አምስተኛ መድበውታል» ብትባሉ ዝቅ አላደረጉትም። አስተማሪዎች ተያያዥ የእጅ ጽሑፍ ይጠይቃሉ፣ የቃል ጽሕፈት በየሳምንቱ አለ፣ በአሥርዮሽ ቁጥር ነጥብ ሳይሆን ነጠላ ሰረዝ ይጻፋል፣ የማካፈል አቀማመጡም ከእኛ ይለያል። እነዚህን አራቱን ከጉዞው በፊት በነበሩት ሁለት ወራት፣ በቀን ሃያ ደቂቃ፣ መስመሩ በተጣበበ የፈረንሳይ ደብተር ላይ ማለማመድ ይቻላል።